የውሰት ስም

ያዳማ ንፋስ ነው ቀድሞ የሚሰለፈው፣
ካርድ ሳያወጣ መስኮቴን የሚያልፈው።
እኔ የካርድ ክፍል ሰው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከዚች ቀዳዳ ሥር፣
ሰውን በእጁ የማውቅ፦ የሲሚንቶ መዳፍ፣ የግራሶ ጥፍር።

በጥር መገባደጃ፣ መድን ሲታደስ ነው
አንዲት እጅ የመጣች፣
ሸንኮራ ያጣበቃት፣ ቢላ የጻፈባት፣
በፌስታል ጠቅልላ ደብተር ያቀበለች።
ፎቶውን ገለጥኩት፦ ጉንጫም ናት፣ ሳቂታ፣ ጥርሷም ፍንጭት ያለው፤
ቀና አልኩኝ ሳልወድ፦ ከመስኮቱ ማዶ የቆመው ፊት ሌላ ነው።

“ፎቶው ያንቺ ነው ወይ?”
“ያኔ ወፍራም ነበርኩ።”
“ፍንጭትሽስ የታል?”
“እሱም ከሳ፣ ጋሼ።”

ሳቄን ዋጥ አረግኩት።
“በሰው ደብተር መታከም ያስቀጣል” የሚለውን የለጠፍኩት እኔ፤
ማኅተሙን መታሁት፣ ወደ ውጭ ሸሽቶ፣ ወደ አቧራው ዓይኔ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ነርሷ ብቅ አለችና፣
“ዘይቱና!”
ዝም።
“ዘይቱና ሱልጣን!”
ዝም።
“ኧረ ዘይቱና!”
አግዳሚው በሙሉ አንገቱን አዞረ፤
ባለሸንኮራዋም አብራ ትፈልጋለች፣
ይቺ ሴት ማን ትሆን፣ የት ተቀምጣለች፣
ድንገት እስክትባንን፦
ለካ እሷ ነበረች።
ብድግ ስትል ደንግጣ አንዱ ሸበጧ ግን ከአግዳሚው ሥር ቀረ፣
በዳቱ እንደሆነ፣ በዳቱ እንደነበረ።

ስኳር ነው አሏት።
ሃያ ዓመት ሙሉ የወንጂን ሸንኮራ ልጣ ስትሸጥ ኖራ፣
ጣፋጩ ላላፊው፣ ዕዳው ለደም ሥሯ፤ እንዲህም አለ ኪሳራ።
መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፤
አንዴ የሚባል ብር እሷ ቤት አያድርም፣
በአንጓ ነው የሚገባ፣ በአንጓ ነው የሚወጣ፣ ከእራት አይሻገርም።

ተመረመረች፣ መርፌ ተሰጣት፣ ወደ ቤቷ ሄደች።
ስኳሩ ግን ገባ፣ በዘይቱና መዝገብ።
እኔው ነኝ ያስገባሁ።

ሚያዝያ ላይ መጣች ያቺ ጉንጫም ሴትዮ፣ ባለፍንጭት፣ ነፍሰ ጡር፤
ማህደር ይዤ ስገባ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ ዓይኑ ከወረቀት ሥር፦
“ስኳርሽ እንዴት ነው? መርፌው ተስማማሽ ወይ?”
“የምን...” ልትል አፏን ከፈት አደረገች፣
በፍንጭቷ መሃል ቃሉ ሲመለስ አየሁ።
“እየተሻለኝ ነው” አለች።
ስሟን አበድራ በሽታ ተበደረች።

ደንቡ “አንድ ደብተር ላንድ ቤት” ነው የሚል፤
ቤት ምን ማለት እንደሁ፣ ግድግዳው ስንት ጣት እንደሆነ አይልም።
የነዚህን ሁለት ቤት የሚለየው እኮ አንዲት ቆርቆሮ ናት፤
ሳል ያልፍባታል፣ ጨው ያልፍባታል፣
የሌሊት ለቅሶ ያልፍባታል፣
ደብተር ሲሆን ብቻ ድንበር ሆና ልትቆም?

ቢሆንም ያን ሌሊት አልተኛሁም።
ነገ በዚህ መዝገብ፣
ለሆዷ የማይሆን መድኃኒት ቢጽፉስ? ምጥ ላይ ሆና ሳትሰማ፣
የሌላ ሰው መርፌ ቢወጓትስ በስሟ?
እጄ የመታው ማኅተም መሃል ራሴ ላይ አደረ።

ጧት ገና ሳይከፈት ማህደሯን አወጣሁ፣
ከኋላው ገጽ ላይ፣ ከጥግ፣ በትንሹ፣
“ስኳሩ የሌላ ነው፤ ሐኪም ይጠይቀኝ” ብዬ ጻፍኩበት።
ለበዳቱም ደግሞ አዲስ ገጽ ጀመርኩ፤ ስም ያለው፣ ቁጥር የሌለው።
በእርሳስ ነው።
ኦዲተር ቢመጣ ላጲስ አለኝ፤
ካልሆነም መስኮቱን እከፍተዋለሁ፣
ንፋስ አለኝ።